እማሆይ ውብነሽ አያሌውና የሚካኤል ጽዋ

እማሆይ ውብነሽ አያሌው፣ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሐና፣ ከአባታቸው ከአቶ አያሌው ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ ገብሬ በመስከረም ወር 1898 ዓ.ም. በእስቴ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው መሪጌታ ክንዴ አያሌው ደግሞ የመጨረሻው ነው። በመካከል የተወለዱት ሁሉ በሕፃንነታቸው ስላለፉ፣ እማሆይ ለጸሐፊው እኅትም እናትም ነበሩ። በንባቡ መካከል ድምፁ ቢሰበር አስቀድሞ ይቅርታችሁን ይለምናል።

ትምህርታቸውን በተመለከተ፣ በዘመኑ ልማድ ሴት ልጅ ከየኔታ ዘንድ አትላክም ነበር። ሆኖም ጸሐፊው በልጅነቱ እቤት ቁጭ ብሎ ሲያጠና እሳቸው ጥጥ እየፈተሉ ያዳምጡት ስለነበር፣ ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የያዙት ከእሱ ቀድመው ነው። ሲሳሳት ከጓዳ ሆነው ያርሙታል። በዚህ የደረሰበትን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ካደገ በኋላም በመጣ ቁጥር ወንጌል እየተረጎመ ያነብላቸው ነበር። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጌታ ደቀ መዛሙርቱን «ተከተሉኝ» ብሎ የጠራበትን ቦታ ነው። «መከተል በእግር ነው፤ በአፍ ተከትሎ የደረሰ ሰው አላየሁም» ይሉና ወደ ሥራቸው ይነሣሉ።

በ1913 ዓ.ም. በላይ ጋይንት የዝግባ አምባ ሚካኤል አጥቢያ ገበሬ የሆኑትን አቶ ዋለ ሙላትን በሕግ አግብተው ወደዚህ አገር መጡ። አቶ ዋለ እርሻ ወዳድ፣ ሰው አክባሪ፣ ቃል ግን እንደ ዘር እህል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። እግዚአብሔር ዳኛቸውን፣ ዓለምዬንና ጓዴን ሰጣቸው። ገብስና ስንዴ አምርተው፣ ከብት አርብተው፣ ቤታቸውን ለእንግዳ ክፍት አድርገው ኖሩ።

አማታቸው ሲያርፉ የሚካኤልን ጽዋ ለምራታቸው አወረሱ። ከሩቅ የመጣችሁ እንድትረዱት ያህል፣ በዚህ አጥቢያ የሚካኤል ማኅበርተኛ በወር በወሩ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን በተራ ከአንዱ ቤት ይሰበሰባል። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ሁሉም ከአንድ ጽዋ ይጠጣል። የማኅበሩ ቦታ ከጥንት የተወሰነ ስለሆነ፣ አዲስ ሰው የሚገባው ከሞተ ሰው ሲወርስ ብቻ ነው። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ተነሥቶ «የተቀያየመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያለ እንደሆነ ሳይታረቁ አይጠጣም። ሙሴ ያን ጊዜም ዛሬም አቶ ወልደማርያም ናቸው። እዚህ መካከላችን አሉ፤ የሚነበበውንም አስቀድመው ሰምተውት ፈቅደዋል።

በ1926 ዓ.ም. ኩፍኝ ወደ አገሩ ገባ። ከብዙ ቤት ልጅ ወሰደ፤ ከእነዚህም አንዱ ገና አምስት ዓመት ያልሞላው ጓዴ ነበር። ጓዴ ከመታመሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይዘሮ ብርነሽ ገንቦ ይዘው ከቤት መጥተው ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ገንቦውንና ድስቱን፣ የጠላውን ጋን ሳይቀር አገሩ ሁሉ የሚያገኘው ከእሳቸው እጅ ነው። ክርስትና የተነሡትም በዚሁ በሚካኤል ደጅ ነው። ነገር ግን እጀ ሥራ ስለሆኑ «ቡዳ ናት፣ ዐይኗ ሰው ይበላል» እየተባሉ፣ ከእሳቸው ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀርብ አልነበረም። ልጁንም ፊታቸው የሚያቆም አልነበረም። ያን ቀን ከጭቃ ትንሽ በሬ ሠርተው ለጓዴ ሰጡት፤ ልጁም በሳቅ ፈነደቀ። ሲሞት በሬዋ በእጁ ነበረች።

በቀብሩ ዕለት ወይዘሮ ብርነሽ ወደ ልቅሶው መቅረብ ፈርተው፣ ከአጥሩ ውጭ ብቻቸውን ቆመው ያለቅሱ ነበር። እማሆይ ይህን አዩ። ከለቀስተኛው መካከል ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ ወደ አጥሩ ሄዱና እጃቸውን ያዙ። «ነይ ብርነሽ፣ አንቺም ወደሽው ነበር፤ ከእኔ ጋር አልቅሺ» አሉና አምጥተው ከጎናቸው አስቀመጡ። ጸሐፊው በዐይኑ ያየው ነው። ከጊዜ በኋላ ስለዚያ ቀን ሲጠይቃቸው ያልጠበቀውን መለሱለት። «እኔም ሰው የሚለውን ሰምቼ ልቤ ፈርቶ ነበር። እጇን ከያዝኩት በኋላ ግን ጭቃ የሰነጠቀው የሰው እጅ ሆኖ አገኘሁት።»

ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ብርነሽን ከአገር ለማስወጣት መከሩ። የቀረው የልጁ እናት «የበላችብኝ እሷ ናት» ብለው ቃላቸውን መስጠታቸው ብቻ ነበር። እማሆይም ተጠርተው በጥቁር ልብሳቸው መጡ፤ የጭቃ በሬዋን በእጃቸው ይዘዋል። «ልጄን የወሰደው ኩፍኝ ነው። የሰጠኝም የነሣኝም እግዚአብሔር ነው። በመጨረሻው ሰሞን ልጄን ያሳቀችልኝን ሴት ምን ብዬ ላሳድዳት?» አሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ለቅሶ ያዛቸው። ከሳሽ ጠፋና ሽማግሌዎቹ ተበተኑ፤ ወይዘሮ ብርነሽም በአገራቸው ቀሩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እማሆይን ሁሉም «ደግ ሴት» ብሎ በተዋቸው ነበር። እሳቸው ግን የጀመሩትን ነገር በግማሽ መተው አያውቁም። በ1927 ዓ.ም. የታኅሣሥ ሚካኤል ተራው የእሳቸው ነበርና፣ ወይዘሮ ብርነሽን ጠርተው ከማኅበርተኛው ጋር አስቀመጧቸው። ሙሴው ተነሡና «ውብነሽ፣ እሷ ከተቀመጠች እኛ መነሣታችን ነው» አሉ። እማሆይም «አያ ወልደማርያም፣ ይኸን ጽዋ የሠሩት የእሷ እናት ናቸው። ከእጃቸው ሥራ እየጠጣን አብረናቸው መቀመጡ ለምን ይከብደናል?» አሉ። ማኅበርተኛው ጽዋውን ሸፍኖ ይዞ ወጣ። ዳቦው ሳይቆረስ፣ ጠላው ሳይቀዳ ቀረ።

አቶ ዋለ በሰው ፊት እንዲህ ተዋርደው አያውቁም ነበርና ክፉኛ አዘኑ። «ከአገር አጣላሽኝ» አሉ። እማሆይም «ከሚካኤል ግን አላጣላሁዎትም» ብለው ዳቦውን ቆርሰው ለባላቸውና ለብርነሽ ሰጡ። አቶ ዋለ አልበሉም፤ ተነሥተው ወጡ። ለብዙ ጊዜም ከሚስታቸው ጋር ቃል አልተለዋወጡም። ቀድሞም ብዙ ስለማይናገሩ ነገሩን ያወቀባቸው ጥቂት ሰው ነው። በመጨረሻ አንድ ቀን የዋንዛ ጉማጅ ይዘው ከደጃፉ ተቀመጡ፤ ሲጠርቡ ውለው አንድ በርጩማ አወጡ። ለማን እንደሆነ ሲጠየቁ «ያቺ ሴትዮ ስትመጣ መሬት ላይ ትቀመጣለች እንዴ?» አሉ። እርቃቸው ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጽዋው እማሆይን እየዘለለ ይዞር ጀመር። ይቅርታ ከጠየቁ ቦታቸው እንደሚመለስላቸው ተነግሯቸው ነበር፤ አልጠየቁም። ነገር ግን አልተቀየሙም፣ ማኅበሩንም አልሸሹም። በየወሩ ተራው የደረሰው ሰው ቤት በጧት ሄደው ውኃ ይቀዳሉ፣ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ጠላውን ያጠልላሉ። ዳቦው ሊባረክ ሲል ነጠላቸውን ጎትተው ከጓዳ ይቀመጣሉ። ሙሴው ተነሥተው «የተቀያየመ አለ?» ይላሉ፤ ማኅበርተኛው «የለም» ይላል። እማሆይ ከመጋረጃው ወዲያ ይህን ይሰማሉ፤ አንድም ቀን ቃል አልተነፈሱም። ጽዋው ሲዞር በጓሮ በር ወጥተው ይሄዳሉ። አንዴ ጸሐፊው በዚህ ተናዶ «ምን ሲሉ ነው የሚያገለግሏቸው?» ቢላቸው፣ «ጌታ እግር ሲያጥብ የማንን እግር ትቶ ነበር?» አሉት። ጸሐፊውም ወደ ሲማዳ፣ ያገለግልበት ወደነበረው ወደ ወገዳ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ እያሰበ ሄደ።

በጠላት ወረራ ጊዜ አቶ ዋለ ከአርበኞች ጋር በረሃ ገቡ፤ እማሆይም ልጆቻቸውን ይዘው ከአገሩ ሰው ጋር ገደል ወርደው በዋሻ ተሸሸጉ። ጽዋውም በጨርቅ ተጠቅልሎ አብሮ ወረደ። በዚያ ዋሻ ውስጥ ብርነሽ የቀቀሉትን ባቄላ ያልበላ ሰው አልነበረም። ቡዳ የሚባል ነገር ማን አስታውሶ! ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ ግን ሁሉም ወደየቤቱ፣ ወደየልማዱ ተመለሰ። በፍርሃት ጊዜ አብሮ የበላው ሰው በሰላም ጊዜ ተለያየ። እማሆይ ብዙ የማያማርሩ ሰው ሲሆኑ በዚህ ግን አለቀሱ።

በ1949 ዓ.ም. የሰኔ ሚካኤል ተራው የሙሴው የአቶ ወልደማርያም ሆነ። በዚያ ቀን እማሆይ ታመው ነበርና ድግሱን አልሠሩም። ሙሴው እንደ ልማዳቸው ተነሥተው «የተቀያየመ አለ?» አሉ። ማኅበርተኛውም «የለም» አለ። ሙሴው ግን ጽዋውን አላነሡም። ወደ ጓዳው ተመለከቱ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ማንም የለም። ዛሬ ራሳቸው እንደሚመሰክሩት፣ ያቺ ሴት ከዚያ ተቀምጣ ዝም ስትል የኖረችው እስከዚያ ቀን አልተሰማቸውም ነበር። እንደገና ቆሙና «አለ። እኔ ነኝ» አሉ። ጽዋው ሳይጠጣ ዱላቸውን አንሥተው ወደ እማሆይ ቤት ሄዱ፤ ማኅበርተኛውም ግራ ገብቶት ተከተላቸው። ከአልጋቸው አጠገብ ቆመው «ውብነሽ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። እማሆይም «እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን» አሉና ቀጥለው «ብርነሽስ?» አሉ። ሙሴውም «እሷም ትምጣ» አሉ።

በቀጣዩ ወር አቶ ዋለ ያን የዋንዛ በርጩማ በትከሻቸው ተሸክመው ከፊት፣ እማሆይና ወይዘሮ ብርነሽ ከኋላ ሆነው ወደ ማኅበሩ ሄዱ። የአገር ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው ነው። ጽዋው ለወይዘሮ ብርነሽ ሲደርስ እማሆይ ከሥር ደገፉላቸው። ከማኅበርተኛው ሁለት ሰዎች ጥለው ወጡ፤ የቀሩት ጠጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል።

አቶ ዋለ በ1952 ዓ.ም. ሲያርፉ እማሆይ በዓመቱ ቆብ ደፉ። ከመነኮሱም በኋላ አኗኗራቸው አልተለወጠም። በአውድማ መጀመሪያ የሚሰፈረው እህል ለመንገደኛ ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ ከሽማግሌ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጉድለት አልነበራቸውም ብሎ ግን ጸሐፊው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ አይዋሽም። ግትር ነበሩ። ዜማም ጨርሶ አይሆንላቸውም ነበር። ጸሐፊው ለክብረ በዓል መጥቶ ማኅሌት በቆመ ቁጥር ከሴቶች በኩል የሚወጣው ያ የጠመመ ድምፅ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ሊቃውንቱም ዘወር ብለው ያዩት ነበር። ያፍር ነበር። ዛሬ ያን ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማ ያለውን ሁሉ በሰጠ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እማሆይን እንቅልፍ የሚነሣቸው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ በማኅበሩ ይቀመጣሉ፣ ይጠጣሉም፤ ነገር ግን እንደ እንግዳ ነው እንጂ ተራ የላቸውም። ማኅበርተኛው ከእሳቸው ቤት ሄዶ፣ እሳቸው የጋገሩትን ዳቦ ሊበላ አልደፈረም። እማሆይ በየጊዜው «ለብርነሽ ተራ ይሰጣት» ሲሉ ሙሴው «እማሆይ፣ ሕጉን ያውቁታል፤ ቦታ የለም። ቦታ የሚገኘው ሰው ሲሞት ነው» ይላሉ። ሰው ሲሞት ደግሞ ልጁ ይወርሳል። ሕጉም እውነት ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ ራሳቸው «ተዪው እቴ፣ መቀመጤም ይበቃኛል» ሲሏቸው «ለአንቺ ቢበቃሽ ለእኔ አልበቃኝም» ይሉ ነበር።

ባለፈው ክረምት እማሆይ ደረታቸውን ታመው በንፋስ መውጫ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ፤ ጥቂት ሲሻላቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መስከረም ሲጠባ ሕመሙ ጠናባቸው። ከልጃቸው ከዓለምዬ ጋር ሆነው በፈረቃ ያስታመሟቸው ወይዘሮ ብርነሽ ናቸው። መድከማቸውን ባወቁ ጊዜ ሙሴውን አስጠሩ። አቶ ወልደማርያም በእርጅና ዐይናቸው ደክሟልና ሰው መርቷቸው መጥተው ከራስጌያቸው ተቀመጡ። የመጪው የኅዳር ሚካኤል ተራ የእማሆይ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እማሆይም በቀጭን ድምፅ «አያ ወልደማርያም፣ ቦታ ተገኘ» አሉ።

ሙሴው መጀመሪያ አልገባቸውም። እማሆይም «ቦታ የሚገኘው ሰው ሲሞት ነው ብለውኝ አልነበር? ይኸው እኔ መሄዴ ነው። ጽዋዬን ለብርነሽ አውርሻለሁ። ከእንግዲህ እሷን መዝለል እኔን መዝለል ነው» አሉ። ሙሴው በዚያ ቀን መልስ ሳይሰጡ ሄዱ።

ዓለምዬ የእናቷ ወራሽ ነበረችና ነገሩ ከበዳት። ጽዋው የአያቷ ነው፤ ጓሮ ሄዳ አለቀሰች። ጎረቤቱም «ልጅ እያለች ለባዳ አወረሰች» ማለቱ አልቀረም። በነጋታው ግን ራሷ መጥታ ከወይዘሮ ብርነሽ አጠገብ ተቀመጠች። «እመት ብርነሽ፣ ለኅዳር ጠላውን አብረን እንጥመቀው» አለቻቸው። እማሆይ ይህን ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። እንደ ወይዘሮ ብርነሽ ምስክርነት፣ ከዚያ በኋላ የተናገሩት ከውዳሴ ማርያም በቀር ሌላ የለም።

እማሆይ ውብነሽ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ጥቅምት 24 ቀን 1964 ዓ.ም. ንስሐቸውን ፈጽመው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው በዛሬው ዕለት ጥቅምት 25 ቀን በዝግባ አምባ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ከኋላቸው ልጃቸው አቶ ዳኛቸው ዋለ፣ ልጃቸው ወይዘሮ ዓለምዬ ዋለ ከአርብ ገበያ፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ ይህን የጻፈው ወንድማቸውና እኅታቸው ወይዘሮ ብርነሽ አሉ። «እኅታቸው» የሚለው ቃል በስሕተት የተጻፈ አይደለም፤ እማሆይ ራሳቸው እንዲህ እንዲጻፍ አዘዋል። ከጓዴ እጅ የወሰዷት የጭቃ በሬም እስከ መጨረሻው ቀን ከራስጌያቸው ነበረች።

ዛሬ ጧት አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ አቶ ወልደማርያም መጡ። ወይዘሮ ብርነሽ ከማን ጎን እንደተቀመጡ ጠየቁና በዳበሳ ሄደው እጃቸውን ያዙ። ያለቀሱት ብዙ ነው፤ የተናገሩት ጥቂት ነው። ያንንም በዚህ ጽሑፍ ላይ አክዬ እንዳነበው ጠይቀውኛልና እነሆ አነባለሁ። «የኅዳር ሚካኤል ጽዋ በወይዘሮ ብርነሽ ቤት ነው። እኔ ዱላዬን ይዤ ፊት እሄዳለሁ። ሊከተል የወደደ ይከተለኝ።»

ያ የዋንዛ በርጩማ ትናንት ወደ ወይዘሮ ብርነሽ ቤት ሄዷል። ሊቀ መላእክት ቅዱስ ሚካኤል መንገዳቸውን ይምራ። ለልጆቻቸው፣ ለእኅታቸውና ለአገሩ ሰው ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። ቸሩ አምላክም የእኅቴን የወለተ ሐናን ነፍስ «ቦታ የለም» በማይባልበት ማዕድ ያስቀምጥልን፤ አሜን።